ደጅ ላይ የወለቁ ጫማዎች

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ ስለ ፍቅሬ ልንገራችሁ። ፍቅሬ የታቢታ ባል ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ነድቶ አንድም ቀን ጥሩንባ ሲነፋ ያልተሰማ ሹፌር ነበር ብል የምታምኑኝ አይመስለኝም፤ መናኸሪያ የሚያውቁት ግን ይመሰክራሉ። መንገድ ላይ በግ ቢተኛበት ወርዶ ይቀሰቅሰዋል እንጂ ጥሩንባ አይነፋም። የከተማው ሥራ እንዲህ ላለ ሰው አይሆንምና ገና ከመጀመሪያው ዓመት የራሱን ሥራ ለየ፤ ተሳላሚ ማመላለስ። ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ፣ ለዚያራ ባሌ ድሬ ሼህ ሁሴን፣ የሲዳማ ሽማግሌዎችን ደግሞ የአባቶቻቸው ጥንታዊ ዛፎች ወደሚገኙበት ወደ ወንሾ። እሱ ራሱ ፕሮቴስታንት ነው። እሑድ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ከመዘምራኑ መሀል ቆሞ ይዘምራል፤ ሰኞ የሌላውን ሰው ስለት ጭኖ ይነሣል።

ይህ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ተሳላሚዎቹን ደጅ ሲያደርስ ሞተሩን ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ ጫማውን አውልቆ ከጎማው አጠገብ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በካልሲው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስኪወጡ ይጠብቃል። በሩን አልፎ አያውቅም። ውስጥ ምን እንዳለም ጠይቆ አያውቅም። አንዳንዱ ተሳላሚ ካወለቅክ አይቀር ግባ እንጂ ሲለው፣ እኔ የምገባበት ሌላ ነው ይላል። ታዲያ ለምን ታወልቃለህ ሲሉት ደግሞ፣ “ደጅ ነዋ” ይላል በዚያ በማይሰማ ድምፁ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል ያወጣለት ሰው አልተገኘም።

ታቢታ በዚያ ዘመን አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ትተኩስ ነበር። ጠባይዋም የካውያው ነው እያሉ ይቀልዱባታል፤ ቶሎ ትግላለች፣ ቶሎ አትበርድም። ፍቅሬ ደግሞ ውኃ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንዴት አብረው እንደኖሩ እሷም አታውቀው።

ከአራት ዓመት በፊት ጉበቱ ታመመና በሦስት ሳምንት ውስጥ አለቀ። በመጨረሻው ቀን ሁለት ነገር አላት። “መኪናዋን አትሽጫት። አንቺም አትራቂኝ።” የመጀመሪያው ገባት። ሁለተኛውን የተረዳችው ቀብሩ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው የመቃብር ቦታ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ቦታ ይያዝላቸዋል፤ ዙሪያውንም በአንድ የጡብ መስመር ያጥሩታል። የፍቅሬ ግማሽ ተሞላ፣ የሷ ግማሽ ባዶ ቀረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየወሩ እየሄደች ሁለቱንም ግማሽ ታርማለች። የገዛ መቃብሯን የምታርም ሴት አይታችሁ ታውቁ እንደሆን እንጃ። ለሷ ግን አልጋ እንደማንጠፍ ያለ ሥራ ነው፤ አንድ ቀን እንደምትተኛበት ታውቃለችና አረም እንዲበላው አትፈልግም።

መንጃ ፈቃድ ስታወጣ አርባ ስምንት ዓመቷ ነበር። ማሠልጠኛው ውስጥ አንድ ጎረምሳ፣ “ማዘር፣ እሱ ማርሽ ነው እንጂ ማማሰያ አይደለም” አላት። “ማማሰያ ቢሆን ኖሮማ አንተ አትችለውም ነበር” አለችው። ተረበኞቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በአምስተኛው ወር የፍቅሬን መኪና ይዛ፣ የፍቅሬን ደንበኞች ጭና፣ በፍቅሬ መንገድ ወጣች። በመጀመሪያው ጉዞዋ ሰዎቹን ደጅ አድርሳ ሞተሩን ስታጠፋ እጇ ራሱ ወደ ጫማዋ ሄደ። አውልቃ ከጎማው አጠገብ አስቀመጠችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ እየቀዘቀዘው ነው የጠበቀው ብላ አሰበች፤ ለቀብሩ ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰችው።

እንግዲህ ወደ ስሕተቷ ልምጣ። ስሕተቷን የሠራው ደብተሯ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ተሳላሚ የሚያመላልስ ሰው በአንድ ቀን መቁጠሪያ አይኖርም። እማማ ከበቡሽ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን መጥተው አርባ ዓመት ሐዋሳ የኖሩ ኦርቶዶክስ፣ ለኅዳር ጽዮን ወደ ማርያም ጠበል ውሰጂን አሏት። ታቢታ “ኅዳር 21” ብላ ጻፈች። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው ፈትያ ደግሞ ወንሾ መንገድ ላይ ላለው ለአንድ ሼህ መቃብር ዚያራ ጨረቃዋ ከታየች በዘጠነኛው ቀን ነው አለቻት። እሱንም እንደተነገራት ጻፈች። አባባ ደበሌ የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚቆጥሩት በጥንቱ በሲዳማ ሳምንት ነው፤ ሳምንቱ አራት ቀን ብቻ ነው፣ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። ወንሾ የምንሄደው ጨረቃዋ ከወጣች በሁለተኛው ቀዋዶ ነው አሏት፤ “ሁለተኛው ቀዋዶ” ብላ ጻፈች። ሦስት ገጽ፣ ሦስት አቆጣጠር። ሦስቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማመሳሰል የፍቅሬ ሥራ ነበር፤ እሱ ጣቱን እያጠፈ ሰማይ ሰማይ ያይና ይነግራት ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ ደብተሩን ዘጋችው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ፤ እማማ ከበቡሽ ናቸው፣ ነገ በስንት ሰዓት እንገናኝ አሏት። ገና ሳትዘጋው ፈትያ ደወለች፣ ነገ በስንት ሰዓት። ሦስተኛው ሲደውል ታቢታ ስልኩን ሳታነሣ አባባ ደበሌ መሆናቸውን አወቀች። የዘመድ የወዳጅ መኪና አንድ ሳይቀር ጠየቀች፤ የበዓል ዋዜማ ነው፣ ባዶ መኪና ከየት ይምጣ።

ጠዋት ሦስቱንም ጉዱማሌ የተባለው የበዓል ሜዳ አጥር አጠገብ ቀጠረቻቸው። ነጠላ የለበሱት በአንድ በኩል፣ ባለ ሻርፖቹ በሌላ በኩል፣ ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ተደግፈው መሀል ላይ፤ ሁሉም እርስ በርስ ይተያያሉ። ታቢታ ይቅርታዋን እንኳ በልመና አልጠየቀችም። “የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መኪና አንድ ናት” አለቻቸው። “ደግነቱ የሁላችሁም ቦታ በአንድ መንገድ ላይ ነው። የማይመቸው አሁን ይቅር፤ የተሳፈረ ግን ሦስቱም ደጅ እስክንደርስ አብሮኝ ይሄዳል።” የቀረ የለም። በዓሉ ነገ አይደገምማ።

ያን ጉዞ ታቢታ እስከ ዛሬ ስታወራው ትስቃለች። ከቱላ ሲወጡ የከበቡሽ ሰዎች የማርያምን መዝሙር አነሡ። ፈትያ እኛስ መቼ ነው አለች። ታቢታ ፈረደች፤ እስከ ጠበሉ ድረስ መዝሙር፣ ከጠበሉ እስከ ሼሁ መንዙማ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የሽማግሌዎቹ። አባባ ደበሌ የኛ ዝምታ ነው አሉ። ምሳ ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነበር። የነቢያት ጾም ገብቷል፣ የከበቡሽ ሰዎች ቅቤ አይነኩም፤ ሽማግሌዎቹ የያዙት ቡርሳሜ ግን በቅቤ የራሰ ቆጮ ነው። ፈትያ የያዘችው የዶሮ ሥጋም ለከበቡሽ አይሆን፣ ለሽማግሌዎቹም በነሱ እጅ አልተባረከ። በመጨረሻ ከመንገድ ዳር ሙዝና አቮካዶ ተገዝቶ ሁሉም ያንኑ በላ። እማማ ከበቡሽ ሙዝ የማንም እምነት አይደለም ብለው አንዱን ለደበሌ ልጠው ሰጧቸው።

ታቢታ በጠበሉ ደጅ ጫማዋን አወለቀች፣ ተቀምጣ ጠበቀች። በሼሁ ደጅም አወለቀች። እዚያ ላይ ነው የኋላው ጎማ ተንፍሶ ያገኘችው። የፈትያ ሰዎች ገብተዋል፤ ሌሎቹ ውጭ ናቸው። ታቢታ ጫማዋን መልሳ ልታደርግ አላሰበችም፤ በካልሲዋ አቧራው ላይ ተንበርክካ ክሪኩን ከመኪናው ሥር ከተተች። አባባ ደበሌ የጎማውን ብሎን በመዳፋቸው ያዙላት፣ እማማ ከበቡሽ ፀሐይ እንዳይመታት ጃንጥላቸውን ዘረጉላት። ሶልያና የምትባለው የከበቡሽ የልጅ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ይህን ሁሉ በስልኳ ቀረጸችውና ጫማሽ የት ሄደ ብላ ጠየቀቻት። ታቢታ ቀና ሳትል መለሰች። “ደጅ ላይ ነን እኮ።”

ከወንሾ ሲመለሱ ቪዲዮው ቀድሟቸው ሐዋሳ ገብቶ ነበር።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ወደደው። ከዚያ ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የሚባለውን የረሳ ሁሉ እየተቀባበለ የየራሱን ጨመረበት። እማማ ከበቡሽን የነፍስ አባታቸው ጠርተው ገሠጿቸው። ፈትያን ታላቅ ወንድሟ ከማን ጋር ነው ዚያራ የሄድሽው ብሎ ለሳምንት አኮረፋት። አባባ ደበሌን ልጆቻቸው፣ እነሱም ፕሮቴስታንት ናቸው፣ በሽምግልና ዕድሜ መዋረድ ነው አሏቸው። ሦስቱም ዝም ብለው አሳለፉት። ታቢታን ግን ቤተ ክርስቲያኗ ጠራቻት።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሽ ዮፍታሄ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ልናገርላቸው ይገባል። የፍቅሬን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ ናቸው፤ ታቢታ በሐዘን በተቀመጠችባቸው ቀናት ማታ ማታ እየመጡ መጽሐፍ ያነበቡላት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ሰዎች ስልክ እየያዙ ቢሯቸው ገብተው፣ የኛ እህት በመቃብርና በዛፍ ደጅ ትሰግዳለች፣ እናንተ ምን ትላላችሁ ይሏቸዋል። መልስ መስጠት አለባቸው። መልሱን በወረቀት አዘጋጅተው ጠበቋት።

ወረቀቱ አጭር ነበር። በባዕድ አምልኮ ስፍራዎች ደጅ ጫማዬን በማውለቅ የፈጸምኩት ድርጊት በደል መሆኑን አምኜ ንስሐ ገብቻለሁ፤ ከእንግዲህም ወደነዚህ ስፍራዎች ሰው አላመላልስም ይላል። ከሥሩ ስሟና ለፊርማ የተተወ መስመር አለ። ካልፈረመች ስሟ ከአባልነት ይሰረዛል። አባል ያልሆነ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኒቱ መቃብር አይቀበርም። ይህን የተናገሩት ሌላው ሽማግሌ ናቸው፤ የተያዘው ቦታም ለሌላ ምእመን ይሰጣል ብለው ጨመሩ። ጋሽ ዮፍታሄ ያኔ ጠረጴዛውን ነበር የሚያዩት።

ታቢታ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የገባትን ነገር ሌሎቹ ገና አላዩትም።

“ታቢታ፣ ጫማ ማውለቅ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ” አሉ ጋሽ ዮፍታሄ በለሆሳስ። “ሙሴ ለምን አወለቀ?”

“እግዚአብሔር አውልቅ ስላለው ነው፣ ጋሽ ዮፍታሄ። እኔን ማንም አላለኝም። ባሌ ሲያወልቅ ኖሮ ነው።”

ጋሽ ዮፍታሄ ፍቅሬም ብለው ጠየቁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አለቻቸው። አላወቁም ነበር። ከፍቅሬ ጋር በአንድ መዘምራን ቆመው፣ በአንድ ማዕድ የጌታን እራት ተካፍለው፣ ይህን አላወቁም። ለትንሽ ጊዜ መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩና፣ እሱ ወደ ጌታው ሄዷል፣ እሱን አንዳኝም፣ የምንጠይቀው ያንቺን ነው አሏት።

የታቢታ ካውያ የጋለው እዚህ ላይ ነው። ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም፤ የፍቅሬ ነገር ሲሆን ድምፅ አታወጣም። “የሱን ካልዳኛችሁ የኔንም ተዉት፤ አንድ ነው” አለች። “ይህ ወረቀት ባልሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሲበድል ኖረ ብለሽ ፈርሚ ይላል። ከፍቅሬ ጎን ለመቀበር ፍቅሬን ልካድ?”

እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥማ ወረቀቱ ላይ አጋደመችው። “ሬሳዬን የት እንደምታደርጉት እናንተ ተጨነቁበት፤ እኔ ያኔ የለሁም” አለችና ተነሣች። “ዛሬ ግን አለሁ።”

እንዲህ ተናግሮ መውጣት ደስ ይላል። ደስታው ግን ከደረጃው አላለፈም። ታቢታ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛ ብዙ ቆየች። እቤት ስትደርስ ልጇ ሩሀማ ሰምታለች፤ በዚያ ከተማ ወሬ እንደ ባጃጅ በየቀዳዳው ይገባል። ሩሀማ ባንክ ትሠራለች፣ ለወረቀት ያላት ግምት የታወቀ ነው፤ ወረቀት ነው እማ፣ ፈርመሽ ተገላገይ አለቻት። ታቢታ አልፈርምም ስትላት ልጅቷ አለቀሰች። “አባዬ ብቻውን ሊተኛ ነው?”

ይህ ቃል ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በለጠባት። አትራቂኝ ብሏታል። የሞተ ሰው ከለመናት ሁለት ነገሮች አንዱ ነው። ትዕቢት ይሆን እንዴ አለች ለራሷ፤ እሱ ቢሆን እኮ ምንም ሳይናገር ፈርሞ፣ ሰኞ መልሶ ጫማውን ያወልቅ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ያን ወረቀት ፈርማ ልትገላገል ተነሣች። ልትፈርም ነው የሄደችው፤ ይህን እሷ ራሷ አትደብቅም።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መኪናውን አቆመች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ወረደች። የጥበቃው ሰው ምን ሆነሽ ነው እህት ታቢታ እስኪላት ድረስ ያደረገችውን አላወቀችም። ጫማዋን አውልቃለች። ከጎማው አጠገብ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ልማዷ። በገዛ ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ፣ ማንም ጫማ በማያወልቅበት፣ በካልሲ ቆማለች። ጫማዎቹን አየቻቸው። እግሯ ይህን ደጅ ከነዚያ ደጆች አልለየውም፤ እጇም አልለየውም። ታዲያ ይኼኛው ማውለቅ ንስሐ የሚገባበት ነው ወይስ የማይገባበት? ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ትስቅ ጀመር፤ ጥበቃው ደነገጠ። ጫማዋን አድርጋ፣ መኪናውን አዙራ ሄደች።

በሁለተኛው እሑድ ስሟ ከመድረክ ተነበበ። ሩሀማ ነበረች፤ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ሰማች፣ ከዚያ ወጥታ ለእናቷ ደወለችና አነበቡት አለቻት። እናቷን ግን ከዚያ በኋላ ፈርሚ ብላት አታውቅም።

ጥር ገባ። እማማ ከበቡሽ ደውለው ለሃያ አንድ የአስተርእዮ ማርያም መንገድ አለኝ አሏት፤ ጻፈች። ፈትያ ጨረቃዋ ከታየች በአሥረኛው ቀን አለቻት፤ ጻፈች። አባባ ደበሌ ቀዋዶ አሉና የትኛው እንደሆነ አስረዷት። በዚህ ጊዜ ታቢታ ስለተማረች ደብተሩን ገልጣ ጣቷን እያጠፈች አመሳሰለች። ሦስቱም ያው ጥር ሃያ አንድ ነው። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው። ለፈትያ ደውላ እንደገና ተጋጨብኝ ስትላት፣ ፈትያ አልተጋጨብሽም ብላ ስልኩን ዘጋችባት።

ጠዋት ጉዱማሌ አጥር አጠገብ ስትደርስ ሁሉም ቆመዋል። የኅዳሩ ሰው አንድም አልቀረ፤ ሶልያናም አለች። ተሳፈሩ። ታቢታ ወዴት ነው የምንሄደው አለች፣ በመስታወቱ እያየቻቸው፤ ነገሩ ደስ አላላትም። አባባ ደበሌ ከኋላዋ ነበሩ። እሳቸው አማርኛ ሲናገሩ ቃል አያባክኑም።

“የኛን ደጅ ሁሉ ታውቂያለሽ” አሉ። “ያንቺን አሳይተሽን አታውቂም።”

ሞተሩን ለማስነሣት ጊዜ ወሰደባት። በቱላ መንገድ ሲሄዱ የዘመረ የለም፣ መንዙማም አልነበረም። ሁሉም የነአባባ ደበሌን ድርሻ፣ ዝምታን ያዙ።

የመቃብሩ ዘበኛ ሙሉዓለም ይባላል፤ ታቢታን በየወሩ አረም ስታወጣ ያውቃታል፣ መኮትኮቻዋንም ቤቱ ያኖርላታል። ሰዉን ሲያይ ተጨነቀ። ስለ ቦታው ተነግሮኛል፣ ብዙ ሰው ይዘሽ እንድትገቢ ማድረግ አልችልም አላት። እማማ ከበቡሽ ቀደሟት። ልጄ፣ እኛ አንገባም፣ እምነታችን አይደለም አሉት። ከዚያ በሩ ጥግ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ይፈቱ ጀመር። ወገባቸው ታማሚ ነውና ፈትያ ያዘቻቸው፤ እሳቸውን ይዛ በሌላው እግሯ የራሷን ነጠላ ጫማ አራገፈች። አባባ ደበሌ ኮንጎአቸውን አወለቁ። ሶልያና ስኒከሯን አወለቀች፤ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ነበር። አንድ በአንድ ሁሉም አወለቁና ከአንዱ የበር ምሰሶ እስከ ሌላው ደረደሩት፤ ከዚያ ውጭ ባገኙት ድንጋይና ሣር ላይ ተቀመጡ። ታቢታ መኮትኮቻዋን ከሙሉዓለም ተቀበለች፣ በቀረችው ጠባብ ክፍተት ገባች፣ ክፍተቱንም በራሷ ጫማ ሞላችው።

የፍቅሬን ግማሽ አረመች። ከዚያ የራሷን ግማሽ አረመች፤ ቶሎ አልጨረሰችም፣ ሥር ሥሩን እየሳበች። ጡቡ የተናጋበትን በተረከዟ መታ መታ አድርጋ አጸናችው። መጥቻለሁ አለችው፤ እንግዶችም አሉኝ።

ሙሉዓለም ደውሎላቸው ኖሮ ጋሽ ዮፍታሄ በባጃጅ ደረሱ። ወርደው ወደ በሩ ሲቸኩሉ እግራቸው ተገታ። ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ጫማ ነው፤ የባልቴት ሸራ ጫማ፣ ዶቃ ያለው ነጠላ ጫማ፣ አቧራ የጠጣ ኮንጎ፣ መሀሉ ላይ መርገጫ የለም። ግራና ቀኝ ሰዎች ባዶ እግራቸውን ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። ሰላም ቢሏቸው መለሱላቸው። የተቆጣቸው የለም፣ የተነሣላቸውም የለም። ታቢታ ከውስጥ አየቻቸውና ቀና አለች።

“ጋሽ ዮፍታሄ፣ የእንግዶቼን ጫማ አይርገጡብኝ” አለች።

ሳይረግጡ ማለፍ አይቻልም ነበር። ጎንበስ ብለው ወደ ጎን መግፋት ይችሉ ነበር፤ እጃቸውን ዘርግተውም ነበር፤ ያ ኮንጎ ላይ ሲደርስ መለሱት። አባባ ደበሌ ድንጋያቸው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ጋሽ ዮፍታሄ ከነጫማቸው ተቀመጡ። ድንጋዩ ሲቀዘቅዛቸው ፊታቸው ላይ ይታያል፤ ታቢታ ሥራዋን ጨርሳ እስክትወጣ ድረስ ግን እንደማንኛውም ሰው ደጅ ላይ ጠበቁ።

ስሟ እስካሁን አልተመለሰም፣ ወረቀቱም እስካሁን አልተፈረመም። ቦታው ለማን ይሰጥ የሚለው ጉዳይ በሽማግሌዎቹ ስብሰባ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለቱንም ጊዜ ወደሚቀጥለው አስተላለፉት። ታቢታ በየወሩ ትሄዳለች፤ ብቻዋን የሄደችበት ወር የለም። በሦስቱም አቆጣጠር ቀኑን እያመሳሰሉ የሚጠብቋት አሉ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሩሀማም አለች። ያቺን ባዶ ግማሽ የሚፈልግ ሰው ካለ ይምጣ። መጀመሪያ ያን ሁሉ ጫማ መሻገር አለበት።